ተራራው ከፍቷል

እኛ ዘንድ ስለ ሰማይ የተጠየቀ ሰው ኃላፊነት አይወስድም። "ዛሬ ይዘንብ ይሆን?" ስትሉት "እሱ ያውቃል" ብሎ ጣቱን ወደ ላይ ይቀስራል። ሬዲዮኑም ከዚህ አይሻልም፤ "ከቀላል እስከ ከባድ ዝናብ ይጠበቃል" ይልና ዘፈን ያስገባል። እንግዲህ ቀላሉንም ከባዱንም ከጠራ ምን ቀረ? በተለይ ነሐሴ ተገባዶ ጳጉሜን ልትገባ ስትል የተራራ ነገር እንኳን ለሬዲዮ ለራሱ ለተራራውም ግራ ነው። ጠዋት ፀሐይዋ ፍንትው ብላ "ኑ፣ ውጡ" ትላለች፤ ወገቡ ላይ ስትደርሱ ጉም ይውጣችኋል፤ ጫፉ ላይ በረዶው ይጠብቃችኋል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል ስለ ወንዝ ብቻ የተነገረ ከመሰላችሁ የክረምት መውጫን ፀሐይ አላወቃችኋትም።

"ታዲያ ማን ውጡ አላችሁ?" ትሉኝ ይሆናል። ለጤናው ብሎ ተራራ የሚወጣ ፈረንጅ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ጤና ያለው ሰው ምን ሊሆን እንደሚወጣ ግን የነገረኝ የለም። እኛ ፍኖተ ሰላሞች ዳገት የምንወጣው ወይ ለለቅሶ ወይ ለሽምግልና ነው።

የኔ ለሽምግልና ነበር። መንግሥት ከተለወጠ ብዙም አልቆየ፤ ሞባይል የሚባል ነገር ገና አገራችንን አልረገጠም። ወዳጄ ታደለ ሰከላ ደጋ ላይ ሲያስተምር የዝና የምትባል ልጅ ወደደ፤ እሷም ወደደችው። እስከዚህ ድረስ ችግር የለም። ችግሩ አባቷ አያ ደሴ ናቸው። አያ ደሴ ሽማግሌን በመጀመሪያ ቀን እሺ ብለው አያውቁም፤ "ዘመድ ላማክር፣ ከመስቀል በኋላ ተመለሱ" ብለው ይሸኛሉ፤ ከመስቀል በኋላም ደግመው ይሸኛሉ። ደንብ ነውና ማንም አይቀየማቸውም። በዚህ መሀል የዝና ላከችበት፤ ከቡሬ አንድ ሀብታም ቤተሰብ በዚሁ ሳምንት ሽማግሌ ሊልክ ነው፣ የአባቴም ልብ ወደዚያው አዘንብሏል፣ ቀድማችሁ እሺ ካላሰኛችሁ እኔን እርሱኝ አለች። ታደለ እህል መቅመስ ተወ። ድሮም ከሲታ ነው፣ ጭራሽ ሸምበቆ ሆነ።

ሦስት ሆነን ተነሣን፤ መሪጌታ እንዳለው፣ ጋሽ ቢምረውና እኔ። መሪጌታ የቅኔ መምህር ናቸው፤ "ውሃ አቀብሉኝ" ሲሉ እንኳ ወርቁ ምን ይሆን ብላችሁ ትጨነቃላችሁ። ጋሽ ቢምረው እህል ነጋዴ ናቸው፤ ሰፊ ሰው ናቸው፤ አይናገሩም።

ከተራራው ግርጌ ካለችው ጠላ ቤት ጎራ ብንል ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። በዚያ ሁሉ ጭቃ መሀል ወተት የመሰለ ጋቢ! ጋቢያቸውን ስናይ አወቅናቸው፤ ጋቢያችንን ሲያዩ አወቁን። የቡሬዎቹ ናቸው።

"ለደኅና ነው?" አሉ መሪጌታ።

"ለለቅሶ ነው። እናንተስ?"

"እኛም ለለቅሶ።"

ማን እንደሞተ ማንም ማንንም አልጠየቀ።

በዚህ ጊዜ አንድ ነጋዴ አህዮቹን እየነዳ ከላይ ወረደ። "ተራራው እንዴት ነው?" አልነው። "ዛሬስ ከፍቷል!" አለና ሳይቆም አለፈ።

ከቡሬዎቹ አንዱ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። "ከፋ ማለቱ ነው። እዚሁ እናድራለን።" መሪጌታ ሳቁ። ቅኔ ያልተማረ ሰው ሲያገኙ የሚስቁት ሳቅ አለቻቸው። "ተራራ ምን ተበድሎ ይከፋል? ከፈተ ነው እንጂ! ጉሙን ገልጦ በሩን ከፈተልን ማለቱ ነው። ተነሡ!" እውነቱን ለመናገር እኔ በአህዮቹ ጀርባ ላይ ነጭ ነገር አይቼ ነበር፤ ጨው መስሎኝ ዝም አልኩ። ጨው ከደጋ ወደ ታች እንደማይወርድ ትዝ ያለኝ በረዶው አናቴን ሲለኝ ነው።

ከወገቡ በላይ የሆነውን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ጉሙ ከመጥቆሩ የተነሣ የያዝኩት ዱላ ጫፍ አይታየኝም። ዝናቡ መጣ፣ በረዶው ተከተለ፤ የመሪጌታ ጃንጥላ ተገልብጣ በረዶ ማጠራቀሚያ ሆነች። አንድ እርምጃ ወጥተን ሁለት እንንሸራተታለን። ዓመት ሙሉ የማይናገሩት ጋሽ ቢምረው ከጭቃው ውስጥ ቀና ብለው "መሪጌታ" አሉ።

"አቤት።"

"ከፍቷል።"

መሪጌታ ሰዋስዉን ትተው ዱላቸውን ተመረኮዙ። እኔ በበኩሌ ታደለን ረስቼዋለሁ፤ ፈርቼ የራሴን ልጆች እያሰብኩ ነበር።

ሊመሽ ሲል ከአያ ደሴ ደጅ ደረስን። መልካም እንግዳ እግረ እርጥብ ይባላል፤ እኛ እስከ አንገታችን ነበርን። "ምነው ቆማችሁ? ግቡ እንጂ፣ እሳት ሙቁ!" አሉን። ደንቡን ታውቁታላችሁ፤ ሽማግሌ ለጉዳዩ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም። መሪጌታ በሰምና ወርቅ የተለበጠ ንግግር አዘጋጅተው ነበር። አፋቸውን ሲከፍቱ የወጣው ግን "ል... ል... ልጅዎን..." ብቻ ነው። የቀረውን ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ አስቀረው።

አያ ደሴ ገባቸው። የለመዱትን "ዘመድ ላማክር" ሊሉ ከንፈራቸውን አላቀቁ። ከዚያ ሰማዩን አዩ። እኛን አዩ። ተመለሱ ካሉን እንመለሳለን፤ ብንመለስ አንደርስም። ከኋላቸው የዝና ጎንበስ ብላ ምድጃው ላይ እንጨት ትከምራለች፤ ነበልባሉ ደጅ ድረስ ይጠራናል። አቤት ያች ልጅ!

"ሰጥቻለሁ!" አሉ አያ ደሴ በቁጣ። "ሰጥቻለሁ አልኳችሁ፤ ግቡ በቃ!"

እሳት ዳር ካስቀመጡን በኋላ ታዲያ እንዲህ አሉን። "ልጄን ለልጃችሁ የሰጠሁ እንዳይመስላችሁ። ሦስት ሬሳ ደጄ እንዳያድር ብዬ ነው።" እሳቱን ቆስቆስ አድርገው ደግሞ "ስለ ወንዱ ልጅ ሳይዋሽ ልጄን የጠየቀኝ ሽማግሌም ዛሬ ገና ማየቴ ነው" አሉ።

በማግስቱ ሰማዩ ጥርት ብሎ የቡሬዎቹ በደረቅ ጋቢ ሲመጡ፣ እኛ የአያ ደሴን ቡሉኮ ለብሰን ደጅ ላይ ፀሐይ እንሞቃለን። አስተዋይ ሰዎች ናቸው፤ የነጋዴውን ቃል በትክክል የፈቱት እነሱ ናቸው። "ለቅሶው እንዴት ነበር?" አሉን። "እግዜር ያጥናችሁ" አሏቸው መሪጌታ።

ወሬ እግር አለው። ከዚያ ወዲህ በአገሩ ብልህ የሚባል ቤተሰብ ሽማግሌ የሚልከው በክረምት መውጫ ሆነ። ጀንበር ሲሞቅ የሄደ ሦስቴ ይመላለሳል፤ በጉም የሄደ ባንዴ ጨርሶ ይመጣል። ታደለና የዝናም ይኸው ወልደው ከብደው አሉ።

ባለፈው ነሐሴ ደግሞ የኔው በር ተንኳኳ። ብከፍት ሦስት ሽማግሌዎች ውሃ እየተንጠፈጠፉ፣ ጥርሳቸውን እያንቀጫቀጩ ቆመዋል። ቤቴ ፍኖተ ሰላም መሀል፣ አስፋልቱ ዳር ነው። ከጠዋት ጀምሮ አንዲት ጠብታ አልወረደችም። ከአጥሩ ማዶ የመጡበት ባጃጅ ቆሟል፤ ሹፌሩ ባዶ ጀሪካን ይዞ ሰማይ ሰማይ ያያል።

ደሜ ፈላ። ያለችኝ አንድ ሴት ልጅ ናት፤ በጀሪካን ውሃ ልትወሰድብኝ ነው! "ዘመድ ላማክር" ልል ጉሮሮዬን ጠራረግሁና ወደ ኋላ ዞር አልኩ። ልጄ ከጓዳ ወጥታ ቆማለች፤ ክንዷ ላይ የታጠፈ ፎጣ ደርባለች። ፎጣው ሦስት ነው።

"ግቡ" አልኳቸው፤ "ብርድ እንዳይመታችሁ።"