እሌኒ ዱላዋን ያቀበለችኝ ቀን

ቅናትና የቆላ ወባ አንድ ናቸው። ሁለቱም ሰውን መጀመሪያ ያንቀጠቅጡታል፣ ቀጥሎ ያነዱታል፣ «እፎይ፣ ለቀቀኝ» ሲል ደግሞ ተመልሰው ይመጡበታል። ልዩነታቸው ለወባው ክኒን መኖሩ ነው። የቅናት ክኒን የሚሰጥ ጤና ጣቢያ እኔ እስከ ዛሬ አላየሁም፤ እንዲያውም የኔን ቅናት ያመጣችብኝ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ናት። ቆዩ፣ ከሥሩ ልንገራችሁ።

በደርግ ጊዜ ነው፣ ከድንበሩ ጥግ ያለችው የቆላ ከተማችን ኮኪት ላይ። ፊንላንድ ከሚባል አገር አንዲት ነርስ መጣች። ስሟ ለምላሳችን ስላስቸገረ እሌኒ አልናት፤ እሷም ወደደችው። ቁመቷ ከበራችን መቃን ይበልጣል፣ ትከሻዋ የሰሊጥ ጆንያ ተሸካሚ ያስመስላታል፣ ከፊት ጥርሷ አንዱ የለም። ይህች ሴት ለካ ባገሯ መርፌ ወጊ ብቻ አይደለችም። የበረዶ ገና ተጫዋች ናት!

አዎ፣ የበረዶ ገና። እኛ በረዶ የምናውቀው ከድንበር ማዶ ከገዳሪፍ በጆንያ ተጠቅልሎ፣ ገለባ ተነስንሶበት ሲመጣ ነው። ነጋዴዎቹ «ተልጅ» ይሉታል፤ ሱቅ እስኪደርስ ግማሹን መንገዱ ጠጥቶታል። በነሱ አገር ግን ሐይቁ ራሱ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል አሉ። በዚያ ላይ ጫማቸው ሥር ቢላዋ አስረው፣ ቆልማማ ዱላ ይዘው፣ እንደ ቂጣ የተጠፈጠፈች እሩር ያሳድዳሉ። እሌኒ ልጅ ሳለች የሴት ቡድን አልነበረምና ከወንድሞቿ ጋር፣ ጸጉሯን በራስ ቁር ሸሽጋ ነው የተጫወተችው። ሰፈሩ ሴትነቷን ሲነቃባት እሷ ጎሉን አግብታ ጨርሳለች። በኋላ ሴቶቹም ቡድን አቆሙ፣ የከተማዋን ማሊያ ለበሰች፣ ዋንጫ አነሳች። ጉልበቷ ሲደክም ነው ነርስነቷን ይዛ ወደ እኛ የወረደችው።

የልጆቼ አባት ዘለቀ የኮኪት የገና አለቃ ነው። ይህን ታሪክ ጤና ጣቢያ ወረፋ ሲጠብቅ ሰማና ቤት ይዞት ገባ። ራት ላይ እሌኒ። ማሽላ ስንወቃ እሌኒ። «አንች፣ ጥርሷን እኮ ያወለቀው እሩር ነው!» ይለኛል፣ ወርቅ ያስተከለች ይመስል። የኔስ ጥርስ አልወለቀም? ልጅ በወለድሁ ቁጥር አንድ አንድ ሄዷል። ያጨበጨበልኝ የለም።

ደግሞ ሌላም አለ። ደንቢያ ልጅ ሳለሁ የወንድሜን የገና ዱላ አንስቼ እሩር ብመታ፣ አባቴ «ሴት ልጅ ዳር ቆማ እልል ትበል» ብሎ ነጠቀኝ። ዕድሜዬን ሙሉ እልል አልሁ። እንግዲህ እኔ የተነጠቅሁትን ዱላ እሷ ይዛ ብትገኝ፣ የገዛ ባሌም በዚሁ ምክንያት ቢፈዝባት፣ አልቃጠልም ትላላችሁ?

የገና ዕለት ደረሰ። ጎረምሶቻችን ለብሔራዊ ውትድርና ተወስደው ሰፈሩ ሳስቷል፤ ሳሉጎቹ፣ ለአጨዳ ከጎጃምና ከወሎ የወረዱት የቀን ሠራተኞች፣ ተጋጣሚ ሆነው ሜዳውን ሞልተውታል። ዘለቀ ሰው ጎደለበት። «እሌኒን አስገባለሁ!» አለ።

በየስብሰባው ስለ ሴቶች እኩልነት ጉሮሮው እስኪነቃ የሚጮኸው የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ደነገጠ። «ጓድ ዘለቀ! ሴት በገና?»

«እኩልነቱስ፣ ጓድ?»

«እሱማ የስብሰባ ነው።»

እሌኒ ገባች። እኔ ዳር ቆሜ፣ እንድትወድቅልኝ ሻማ ተሳልሁ። ምን ትወድቃለች! ጎንበስ ብላ፣ በትከሻዋ ጎጃሜውን ገፍታ፣ ወሎዬውን አልፋ፣ እሩሩን እንደ ጫጩት እየነዳች ሄደች። ዘለቀ አፉን ከፍቶ ቀረ። ጨዋታው በጋለ ሰዓት ግን ሁሉን ትታ ወደኔ ሮጠች።

በኛ ገና ሜዳ ጥሎ የወጣ ሸሽቷል፣ ይሰደባል። «ሸሸች! ነጯ ሸሸች!» እያሉ ሳሉጎቹ አቧራ አስነሡ። በሷ አገር ግን ጥቂት ሮጠው ትንፋሽ ሳያልቅ ይወጣሉ፣ ዳር የቆመው ተረኛ ይገባል። ዳር የቆምሁት ደግሞ እኔ ነኝ። መዳፌን በመዳፏ መታ አድርጋ ዱላዋን አስጨበጠችኝ።

«ተራሽ ነው ጥሩዬ፣ ግቢ!»

«አብደሻል? እኔ ተመልካች ነኝ!»

«ከመጀመሪያ ጀምሮ ዓይንሽ እሩሩ ላይ ነው። ተጫዋች ነሽ!»

«እሩሩ ላይ ሳይሆን አንች ላይ ነው» አላልኋትም። ገፍታ አስገባችኝ።

እሩሩ እየተንከባለለ እግሬ ሥር መጣ። ዘለቀም «አንች፣ ውጭ! ውጭ እንጂ!» እያለ መጣ። የዕድሜዬን እልልታ ሁሉ ክንዴ ላይ ሰብስቤ አሳረፍሁት። እሩሩ ሳሉጎቹን አልፎ ሄደ፤ ሲሄድ ግን የዘለቀን ቅልጥም ሳይሳለም አላለፈም። ሆን ብለሽ ነው የሚሉኝ አሉ። እኔ ያየሁት እሩሩን ነው፤ ባል መካከል ከገባ ምን ላድርግ? እሱ መሬት ተቀምጦ ሊቆጣ አፉን ሲከፍት፣ ሴቶቹ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ!» ብለው በዘፈን አፈኑት።

በሸክም ጤና ጣቢያ አስገቡት። እስኪ ፍረዱኝ፤ በወሬ ብቻ ስቀናባት የከረምሁትን ሴት፣ የባሌን እግር በገዛ እጄ ቀጥቅጬ ጭኗ ላይ አስቀመጥሁላት! አጠበችው፣ ጠቀለለችው፣ «ተመላለስ» አለችው።

ተመላለሰ። እኔም ደግፌው እመላለሳለሁ፤ ብቻውን ልላከው እንዴ? አንድ ቀን አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ሱሪውን ሰብስቦ ያበጠውን ለወረፋተኛው ያሳያል። «ይኼን ያደረገችው እሌኒ እንዳትመስላችሁ» አለ፣ በኩራት። «ሚስቴ ናት። በአንድ ምት!»

ወረፋ የያዙት ሴቶች ዞረው፣ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። ያን አስተያየት በደንብ አውቀዋለሁ፤ እኔም እሌኒን ያየሁበት ነው።

ወባ አይደለም።