ገንዘብ ይዞ ልመና

እኔ እስከ ዛሬ የማውቀው ገበያ ሻጭ የሚለማመጥበት፣ ገዢ የሚኮራበት ነው። ሻጩ «ማርያምን፣ በገዛሁበት ነው የምሰጥህ» እያለ ይምላል። ገዢው ዕቃውን ያገላብጣል፣ ፊቱን ያጨማድዳል፣ የሚሄድ መስሎ ጥቂት ይራመዳል። ሻጩ ይጠራዋል፤ ይመለሳል። ገበያ ማለት ይኸው ነው። ለመሆኑ ሻጭ ገዢውን «አንተ ማን ነህ? የት ተወለድክ? እስቲ ፊትህን ወደ ግራ አዙረህ አሳየኝ» ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም ነበር። በስተርጅና፣ ያውም ቶሮንቶ ላይ ሰማሁት። ለማኝ ቁራሽ ሲለምን አይቻለሁ፤ ቁራሹን በእጁ ይዞ የሚለምን ግን ከራሴ በስተቀር አላየሁም። መጀመሪያ «እባካችሁ ሽጡልኝ» ብዬ ለመንኩ፤ ቀጥዬ ደግሞ «እንግዲያውስ የራሴን መልሱልኝ» ብዬ ለመንኩ።

ነገሩ የመጣው በጌቱ ነው። ጌቱ ኢቶቢኮ በሚባለው ሰፈር ባለ ዌርሃውስ፣ ማለት የዕቃ መጋዘን፣ አብሮኝ የሚሠራ፣ በዕድሜ ብዙ የሚያንሰኝ፣ ምክር ለመስጠት ግን ዕድሜ የማይጠይቅ ሰው ነው። በምሳ ሰዓት ስልኩን እያየ ይስቃል። ሰው ስልኩን እያየ ብቻውን ከሳቀ ወይ ፍቅር ይዞታል፣ ወይ ቢትኮይን ገዝቷል። ጌቱ ባለትዳር ስለሆነ ሁለተኛው ነው ብዬ ጠየቅሁት።

ምንድን ነው አልኩት፤ ገንዘብ ነው አለኝ። እስቲ አሳየኝ ስለው አይታይም አለኝ። የት ነው የሚቀመጠው ስለው የትም አለኝ። ማን ሠራው ስለው በውል አይታወቅም አለኝ። «ታዲያ ያላየኸውን ነገር እንዴት ታምናለህ?» ብዬ ስይዘው፣ «ጋሽ ተክሌ፣ እርስዎም እኮ…» አለና ዓይኑን ወደ ላይ አንስቶ፣ ደፍሮ ሳይጨርሰው ተወው። መተዉ ደግ ነው።

እኔ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ትምህርቴ ከቄስ ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ብዙም አልራቀም። ጠዋት ተነስቼ ጸሎቴን አደርሳለሁ፣ አውቶቡስ እይዛለሁ፣ ካርቶን እጭናለሁ፣ እመለሳለሁ። በባንክ የተቀመጠውም ገንዘብ ባለቤቴ የሺ ሆቴል ክፍል እያጸዳች፣ እኔም ካርቶን እየጫንኩ ያጠራቀምነው ነው። ለምን እንደሚውል ደግሞ ቀድሞ ታውቋል። የሺ ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ፣ ከአንድ ጸጉር ቤት ጎን፣ አንዲት ጠባብ ሱቅ አይታለች። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ ልትሸጥባት ነው። ከሥራ ስትመለስ ከአውቶቡስ ወርዳ በመስኮቱ ታያታለች፤ ባዶውን ሱቅ። የቤቱ ባለቤት ሽማግሌ ግሪክ ነው። በቃል ተስማምተዋል፤ የወሩ የመጨረሻ ዓርብ ዴፖዚቱን፣ ማለት የኪራዩን ቅድሚያ ክፍያ፣ ካመጣች ቁልፉን ይሰጣታል።

እንግዲህ ወሩ እስኪያልቅ ገንዘቡ ከሚተኛ ትንሽ ቢሠራስ ብዬ አሰብኩ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። ደብቄ አላደረግሁትም፤ አማከርኳት። የሺ የጌቱን ሳቅ፣ የማይታየውን ገንዘብ፣ ሁሉንም አዳመጠችና፣ ላም አለኝ በሰማይ ይሉሃል ይህ ነው አለች። ቀጥላም «እንደፈለግህ፤ ሱቄን ግን እንዳታስቀረኝ» አለችኝ። ልብ በሉ፤ ሚስት «እንደፈለግህ» ካለች እንዳትፈልግ ማለቷ ነው። እኔ ግን እንደ ቡራኬ ወሰድኩት።

ጌቱ ቢትኮይን የሚገዛበትን አፕ ስልኬ ላይ ጫነልኝ። ገንዘቡ ከባንኬ ወጥቶ እዚያ ለመግባት ዓይን ጨፍኖ እስኪገለጥ እንኳ አልፈጀም። ሲቀበለኝ ማን ነህ አላለኝም፤ ከየት አመጣኸው አላለኝም፤ እንዲያውም አረንጓዴ ምልክት አበራልኝ። ያን ጊዜ ነበር መጠርጠር። ለእንግዳ በሩን ወለል አድርጎ የሚከፍት ቤት መውጫው ጠባብ ነው። ቢትኮይኑን ልግዛ ብዬ ስነካ ግን፣ «በመጀመሪያ ማንነትዎን እናረጋግጥ» አለኝ። የመንጃ ፈቃዴን በፊት በጀርባ አስነሳኝ። ቀጥሎ ፊትዎን ያሳዩ አለ።

የምንኖረው ኢስት ዮርክ በሚባለው ሰፈር፣ ቤዝመንት፣ ማለት ምድር ቤት ውስጥ ነው። የቤዝመንት መስኮት ጠባብ ስለሆነ ግድግዳው ይተርፋል፤ የሺ ደግሞ ባዶ ግድግዳ አትወድም። ከሶፋው በላይ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ አለች። ስልኩን ከፊቴ ደቅኜ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። ማሽኑ ጥቂት አሰበና ጻፈ። ፊደሉን እየለቀምኩ ሳነብለት ጌቱ በስልክ ሆኖ ተረጎመልኝ፤ ከአንድ በላይ ፊት ታይቷል፣ እባክዎ ብቻዎን ይሁኑ ይላል አለኝ።

እውነቱን ነው፤ ብቻዬን አይደለሁም። ብቻዬን ነኝ ብዬም አላውቅም። ግን ማሽኑ ይህን በምን አወቀ? ተነስቼ ወደ ማዶው ግድግዳ ሄድኩ። እዚያ ቅዱስ ገብርኤል ሦስቱን ልጆች ከእሳት ያወጣል፤ ባሰብኝ። ወደ መኝታ ቤት ገባሁ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ አለ። እሱ እንኳ አንድ ነው ስል፣ ለካ ፈረሱም ዘንዶውም ፊት አላቸው። ጌቱ፣ ለአምስት ደቂቃ አውርደዋቸው ለምን አይነሱም አለኝ። ለአምስት ደቂቃ የሚወርድ ቅዱስ የለንም አልኩት። መታጠቢያ ቤት ግድግዳው ባዶ ነው ብዬ ገባሁ። መስታወት አለ። ማሽኑም ሁለት ሰው አየሁ አለ። ሁለተኛውም እኔው ነኝ ብል ማን ይሰማኛል?

በመጨረሻ የልብስ ማጠቢያው ማሽን ያለበት ጉሮኖ ውስጥ ገባሁ። የሺ ከሥራ ስትመለስ ያገኘችኝ እዚያ ነው፤ በመወልወያውና በሳሙናው መካከል ተወትፌ፣ ስልክ ይዤ፣ አንገቴን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሳዞር። ምን ሆነህ ነው አለችኝ። አስረዳኋት። ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ቆማ አየችኝና እንዲህ አለች፦

«ቅዱሳን የማያዩት ቦታ ፈልገህ የምትገዛው ነገር ምንድን ነው?»

ይህንን ቄስ ቢለኝ ስብከት ነው ብዬ አልፈው ነበር። እሷ ግን ጠይቃኝ እራት ልትሠራ ሄደች። እኔ ጉሮኖው ውስጥ ከጥያቄው ጋር ቀረሁ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ቢትኮይን የሚባል ነገር ከልቤ ወጣ። የምፈልገው ገንዘቤን ብቻ ሆነ። ለካ ለመውጣትም ፊት ማሳየት ያስፈልጋል፤ እዚያ ጨለማ ውስጥ ደግሞ ፊቴ አልታይ ብሎታል።

ለደንበኛ አገልግሎት እንጻፍ አለ ጌቱ። ጻፍን። ሶፊ የምትባል ወዲያው መለሰች፤ ስሜትዎን እረዳለሁ አለች። ደስ አለኝ። ገንዘቤን ስላት፣ ስሜትዎን እረዳለሁ አለች። የሱቅ ኪራይ ነው፣ ቀጠሮ አለብን ስላት፣ አሁንም ስሜቴን ተረዳች። ሰው ነሽ ወይ ብለህ ጠይቅልኝ አልኩት ጌቱን። ልረዳዎ ዝግጁ ነኝ አለች። ሰው ነሽ ወይ የተባለ ሰው አዎ ለማለት ይህን ያህል አይቸገርም። ከዚያ መልእክትዎ ደርሶናል የሚል ጽሑፍ ከረጅም ቁጥር ጋር መጣ። በነጋታው ብንጽፍም፣ መልእክትዎ ደርሶናል።

መጠበቅ የማላውቅ ሰው ሆኜ አይደለም። ዕድሜ ልኩን የጸለየ ሰው ከመጠበቅ ሌላ ምን ሙያ አለው? ግን ልዩነቱን አየሁት። ፈጣሪ መልእክትህ ደርሶኛል ብሎ ልኮልኝ አያውቅም። ዝም ይላል፤ አንድ ቀን ግን ነገሩ ሆኖ አገኘዋለሁ። እነዚህ ደግሞ ቀንም ሌትም ደርሶናል ይላሉ፤ የሚሆን ነገር ግን የለም። ሳይታይ የሚያይ አንድ ብቻ ይመስለኝ ነበር። እነሱም ፊቴን በግራ በቀኝ፣ ወደ ላይ ወደ ታች ካላየን ይላሉ፤ የእነሱን ፊት ግን አንድ ቀን አላየሁም። በሬ የሚገዛ ሰው የበሬውን ጥርስ ያያል። እዚህ አገር በሬው ተደብቆ የገዢው ጥርስ ይታያል።

የቀጠሮው ሳምንት ረቡዕ ዌርሃውስ ውስጥ፣ በዕረፍት ሰዓት፣ ከእሳት ማጥፊያው አጠገብ ነጭ ግድግዳ አገኘን። ጌቱ ስልኩን ያዘልኝ። ወደ ግራ ዞርኩ፣ ወደ ቀኝ ዞርኩ፣ ቀና አልኩ፣ አጎነበስኩ። አንዲት ፊሊፒናዊት የሥራ ባልደረባችን አንገቴን ያመመኝ መስሏት የሚቀባ መድኃኒት አመጣችልኝ። ይኸው ሰው ማለት፤ ቁጥርም አልሰጠችኝ። ማሽኑም እንኳን ደስ አለዎት፣ ማንነትዎ ተረጋግጧል አለኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ሳይረጋገጥ መኖሬ ነው።

አበቃ ስንል ጥያቄ አመጣ። ይህን ካልመለሱ መግዣውም መውጫውም አይከፈትም። ስለዚህ ገንዘብ ምን ያህል ያውቃሉ? ምንም በል አልኩት። ለምን መግዛት ፈለጉ? የሚመረጡ መልሶች ተደርድረዋል፤ «ጓደኛዬ ስለሳቀ» የሚል ግን የለበትም፤ ሌላ የሚለውን አስነካሁት። ቀጥሎ፣ ይህን ገንዘብ በሙሉ ቢያጡት ኑሮዎ ይጎዳል ወይ? ጌቱ ስልኩን ወደ ራሱ ሳብ አደረገ። አይጎዳም ነው የሚባለው፣ ሁሉም እንደዚያ ብሎ ነው የሚገባው፣ እኔም ብያለሁ አለኝ። አስቡት፤ አንድ መሥሪያ ቤት ሙሉ ደንበኞቹ ቢከስሩ ግድ የሌላቸው ሀብታሞች ናቸው፤ አንደኛው ሀብታም ደግሞ ከእኔ ጋር ካርቶን ይጭናል።

«ኑሮዬን ነው ወይስ ትዳሬን ነው የሚጠይቀው?» አልኩት።

«ኑሮ ነው የሚለው ጋሽ ተክሌ።»

«ትዳሩንም ጨምርበትና ይጎዳል በል።»

እያመመው ነካው። ማሽኑ ዞረ፣ ዞረና፣ ይህ አገልግሎት ለእርስዎ ተስማሚ ሆኖ አላገኘነውም፣ ገንዘብዎ እስከ አሥር የሥራ ቀን ባለው ጊዜ ወደ ባንክዎ ይመለሳል አለ። እውነት ተናግሮ መባረር እንዲህ ደስ እንደሚል አላውቅም ነበር። ደስታዬ ግን አሥር የሚለው እስኪገባኝ ነው። ቀኑ ረቡዕ፣ ቀጠሮው ዓርብ።

ማታ ለየሺ ነገርኳት። ከሆቴሉ ቁርስ የተረፉ የማርማላታ ጠርሙሶች ስትሰበስብ ከርማ፣ አጥባ፣ ወረቀታቸውን ልጣ፣ ለቅመሞቹ ማሳያ ብላ ጠረጴዛው ላይ ደርድራቸው ነበር። የሺ ስትቆጣ ታወራለች። ዝም ካለች ግን አዝናለች። ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ ወደ ካርቶናቸው መመለስ ጀመረች። ልረዳት እጄን ስዘረጋ ካርቶኑን ወደ ራሷ አስጠጋችው። በዕድሜዬ ብዙ ስድብ ሰምቻለሁ፤ የእነዚያን ጠርሙሶች ኮሽታ የሚያህል ግን የለም።

ዓርብ ዕለት የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ወደ ሽማግሌው ሄደች። ከኋላዋ ተከተልኳት። በሩ ላይ ስንደርስ «አንተ ውጭ ቁም» አለችኝ። ቆምኩ። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። በመስታወቱ አያታለሁ። በዚያች በሆቴል ክፍል በተማረቻት እንግሊዝኛዋ፣ የጎደለውን በእጇ እየሞላች ትነግረዋለች። አንዴ ወደ ኪሷ፣ አንዴ ወደ ሰማይ፣ አንዴ ደግሞ ወደ ውጭ፣ ወደ እኔ ትጠቁማለች። ሽማግሌው መነጽሩን ገፋ አድርጎ ረዘም ላለ ጊዜ አያት። እኔ በደጅ የማውቀውን ሁሉ እጸልያለሁ፤ የሰውየውን ልብ አራራልኝ፣ ገንዘቡ ደህና እጅ ይግባ፣ ቤቴም ሰላም ይሁን እላለሁ። ከዚያ መሳቢያውን ሳበና አንድ ነገር በመዳፏ አኖረላት።

ቁልፉን ይዛ ወጣች። ገንዘቡ ሲመጣ ይመጣል ብሏታል። መታወቂያ ጠየቀሽ ወይ ብላት፣ ለምን ይጠይቀኛል፣ ፊት ለፊቱ ቆሜ አለች። ሌላ ምን አለሽ ስላት ግን ሳቅ ብላ ቁልፉን ኪሷ ከተተችና መንገዷን ቀጠለች።

ሽማግሌው ያለውን የነገረችኝ፣ ገንዘቡ የአገልግሎት ተብሎ ጥቂት ተቆንጥሮበት ተመልሶ፣ ለሽማግሌው ተከፍሎ፣ ጠርሙሶቹም መደርደሪያ ላይ ከወጡ በኋላ ነው። የተረፈውን የት እናስቀምጠው ብዬ አንድ ሐሳብ ላቀርብ አፌን ስከፍት አቋረጠችኝ። ያን ዕለት ሽማግሌው ወደ እኔ እያየ፣ ውጭ በብርድ ቆሞ ከንፈሩን የሚያንቀሳቅሰው ሰው ማን ነው ብሎ ጠይቋት ኖሯል። ባሌ ነው፣ እየጸለየ ነው አለችው። እሱም ሲመልስላት፣ «መልካም፤ እንግዲያው እሱ ጸሎቱን ይያዝ፣ ገንዘቡን አንቺ ያዢ» አላት።

ይኸው ከዚያ ወዲህ ገንዘቡ በእሷ እጅ ነው፤ ቤቱም ሰላም ነው። ጸሎቴ እንዲሰማ ለምኜ ነበር፤ ይህን ያህል በዝርዝር ይሰማል ብዬ ግን አልጠበቅሁም።