ከመሃል ነው የሚጀመረው!

(የክሊኒኩ ካርድ ክፍል፣ ጠዋት። ከእትዬ ወንበር አጠገብ የተነሣው መደርደሪያ ጣሪያ ይደርሳል፤ አንድ ሺህ የሕመምተኛ ካርድ ተሸክሟል። «ሊቁ» የሚባለው ፕሮግራመር የሙከራ ጊዜው ዛሬ ያበቃል። ዳይሬክተሯ የካርድ አፈላለግ ዘዴውን አይተው ወይ ይቀጥሩታል ወይ ያሰናብቱታል። ካርድ ክፍሉን ሃያ ዓመት የያዙት እትዬ ደግሞ ኮምፒውተሩን ዳንቴል አልብሰው አበባ አስቀምጠውበታል። ያሳዝኑታል።)

ሊቁ፦ ከመሃል ነው የሚጀመረው አልኩዎት!

እትዬ፦ እጅ ከሚደርስበት ነዋ ልጄ! በር እያለ በመስኮት ይገባል እንዴ?

ሊቁ፦ እርስዎ የሚሠሩት ለቀማ ነው። የእኔ አልጎሪዝም ነው።

እትዬ፦ ውይ፣ እግዜር ይማርህ!

ሊቁ፦ በሽታ አይደለም! ዘዴ ነው። መሃሉን አያለሁ፤ የምፈልገው ቁጥር ከመሃሉ ካነሰ የላይኛውን ግማሽ እጥለዋለሁ።

እትዬ፦ ኧረ ባክህ! ያ ሁሉ ሕመምተኛ በላያችን ሊወርድ?

ሊቁ፦ በሐሳቤ ነው የምጥለው! ከሺህ ካርድ አንዱን በዐሥር እርምጃ!

እትዬ፦ ዐሥር እርምጃማ ጉልበቴ አይችልም።

(የዳይሬክተሯ ድምፅ ከመስኮቱ ውጭ፦ «ስድስት መቶ ዐሥራ ሁለት! ሰውየው መርፌ ሊወጋ ቆሟል!» ሊቁ እጅጌውን ሰበሰበ።)

ሊቁ፦ ፕሮግራሙ የሚያደርገውን በእጄ ላሳይዎት። መሃሉ... ስምንት መቶ አርባ። ወደ ታች! (ጎንበስ) ዘጠና ሦስት። ወደ ላይ! (ቀና) ዘጠኝ መቶ ሰባ? ይሄ ተሳስቶ የገባ ነው። ወደ ታች! አምስት? ይሄም ተሳስቷል።

እትዬ፦ ሁሉም ተሳስቶ አንተ ብቻ ልክ?

ሊቁ፦ አያቋርጡኝ! (ጎንበስ፣ ቀና፣ ጎንበስ፤ ላቡ አንገቱ ላይ ወረደ) ዐሥረኛ! የለም! በሒሳብ አረጋግጫለሁ፣ ካርዱ ጠፍቷል!

(እትዬ ከተቀመጡበት ሳይነሡ እጃቸውን ዘርግተው ከአጠገባቸው ሁለተኛውን ካርድ መዘዙ፤ በመስኮት አቀበሉ።)

ሊቁ፦ እዚያ ምን ይሠራል? ከስድስት መቶ ዐሥራ አንድ ቀጥሎ ነው መሆን ያለበት!

እትዬ፦ ማን እንዲህ አለህ? ሰውየው ትናንት ተወግቷል፤ ዛሬም ነገም ይወጋል። የተነካ ካርድ ወደ እኔ፣ የሰነበተ ወደ ጣሪያ።

ሊቁ፦ በቁጥር አልተደረደረም?!

እትዬ፦ ሰው በቁጥር ተራ ይታመማል እንዴ?

(ሊቁ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። የእሱ ዘዴ ባልተደረደረ ነገር ላይ እንደማይሠራ በመጀመሪያው ሳምንት የተማረው ነው። አፈረ።)

ሊቁ፦ እትዬ... ይሄ የእርስዎም እኮ አልጎሪዝም ነው። ፈተና ላይ መጥቶብኝ ወድቄበታለሁ።

እትዬ፦ እኔን ይማረኝ! ሃያ ዓመት ሙሉ ይዞኝ ሳላውቅ?

(የዳይሬክተሯ ድምፅ፦ «ግሩም ነው! ማነው ያገኘው?» ሊቁ ዐይኑን ጨፈነ።)

እትዬ፦ እሱ ነው! ይቅጠሩልኝ!

ሊቁ፦ (በሹክሹክታ) እትዬ! ለምን ዋሹልኝ?

እትዬ፦ ዕውቀቱስ ሞልቶኛል። የቸገረኝ መሰላል የሚወጣልኝ ሰው ነው። በል፣ ዘጠኝ መቶ አራትን ከጣሪያው ሥር አውርድልኝ!