የአያ አንማው የመጀመሪያ ዋጋ

ሚስቴ ሙሉነሽ ከሞተች ሦስተኛ ወሯ ነው።

እኔ ግን ዛሬ የማወራችሁ ስለ ጣራ ነው። ቤት የሚጠግን ባለሙያ የሚጠራው ዋጋ ትክክለኛ ነው ወይ? እዚህ ቢቸና ይህን ጥያቄ ብታነሡ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ይመልስላችኋል። ጤና ጣቢያው ውስጥ አብሮኝ የሚሠራ አንድ ድሬሰር አለ፣ የሐረር ሰው ነው። አናጢ ሁሉ ሌባ ነው ይላል። እሱ ከሥራ ሲወጣ በየሰፈሩ እየዞረ መርፌ ይወጋል። የምታስከፍለው በዛ ሲሉት፣ ይሄ እኮ እውቀት ነው ይላል። አናጢውስ ምስማር የሚመታው በድንቁርና ነው እንዴ? ይህን ጠይቄው አኩርፎኛል።

የቤቴን ቆርቆሮ ዝገት በልቶታል። የመጀመሪያው ዝናብ የጣለ ዕለት ልጃችንን ጥሩዬን አልጋ ላይ ተንጋላ፣ አፏን ከፍታ ጠብታ ስትቀበል አገኘኋት። ሁለት ዓመት አልሞላትም። ጨዋታ መስሏታል። ወሬው ሞጣ ላሉት አማቴ፣ ለሙሉነሽ እናት ደረሰ። እንዴት ደረሰ አትበሉኝ። ዝናብ የሚገባበት ቤት ውስጥ የልጅ ልጄን አላስቀምጥም፣ ክረምቱ ሳይገባ መጥቼ እወስዳታለሁ ብለው በጭነት መኪና ሾፌር ላኩብኝ። ክረምት ከገባ መንገዱ ይዘጋል። ከሄደች እስከ መስከረም አላያትም። እናቷን አጥቼ እሷንም? አናጢ ፍለጋ ሮጥሁ።

አያ አንማው የታወቁ አናጢ ናቸው። መጡ፣ መሰላል አቆሙ፣ ወጡ፣ አንኳኩ፣ ወረዱ። ዋጋ ጠሩ። የደመወዜ ግማሽ ነው።

«እሺ» አልሁ።

ትኩር ብለው አዩኝ። «ምን አልህ?»

«እሺ። ይጀምሩ።»

አልጀመሩም። መሰላላቸውን ተደግፈው ችግራቸውን ነገሩኝ። የመጀመሪያ ዋጋ የሚጠራው እንዲወርድ ነው እንጂ እንዲከፈል አይደለም። በዕድሜያቸው እሱን የከፈላቸው ሰው የለም። አሁን ቢቀበሉኝ የሐዘንተኛ ቤት ዘረፈ ይባላሉ። ሳልጠይቃቸው ቢቀንሱልኝ ደግሞ፣ ነገ አጥር የሚያሳጥረው ሁሉ «ለሐኪሙ በራስህ ቀንሰህ የለም እንዴ?» ይላቸዋል።

«እባክህ ሐኪም፣ ትንሽ ተከራከረኝ» አሉ። «አንድ ቃል ይበቃል። በዛ በለኝ።»

«አልበዛም፣ አያ።»

«ኧረ በዝቷል!»

መሰላላቸውን ተሸክመው ሄዱ። አንድ ቃል መናገር አቅቶህ ነው ወይ ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ አቅቶኝ ነው። በቤታችን ዋጋ የምትከራከረው ሙሉነሽ ነበረች። እኔ አጠገቧ ቆሜ ዘንቢል እይዝ ነበር። ከሞተች ወዲህ የጠሩልኝን እከፍላለሁ። መከራከር ጉልበት ይጠይቃል።

አያ አንማው ጠዋት ጠዋት በደጄ ሲያልፉ «አሰብህበት?» ይሉኛል። «አዎ፣ እከፍላለሁ» እላቸዋለሁ። ራሳቸውን ነቅንቀው ያልፋሉ። ሰማዩ ግን እየጠቆረ ሄደ።

አንድ ቅዳሜ አማቴ ከጭነት መኪና ወረዱ። የያዙት የመንገድ ስንቅ ለሁለት ሰው የሚሆን ነው። ሁለተኛዋ ሰው ማን እንደሆነች መጠየቅ አላስፈለገኝም። አያ አንማው መምጣታቸውን ሰምተው እግዜር ያጽናዎ ለማለት ገቡ። አማቴ አመሰገኑ፣ ቀና ብለው ጣራውን አዩ፣ ለዚህ ስንት ጠራህ ሲሉ ጠየቁ። ነገሯቸው።

«ስንት? ሞጣ ላይ በዚህ ዋጋ ቤተ ክርስቲያን ይከደናል!»

የአያ አንማው ፊት በራ። «እሜቴ፣ የሞጣ አናጢ የከደነውን አይቻለሁ። ቀን ፀሐይ፣ ሌሊት ኮከብ ያስገባል።»

«ምስማርህ ወርቅ ነው?»

«ምስማሩ ከዓባይ ማዶ ነው የሚመጣው። ድልድዩን በእግሩ አይሻገርም።»

ጥግ ይዤ ተቀመጥሁ። ዓይኔን ጨፈንሁ። አማቴ ሲከራከሩ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ድምፁ የሙሉነሽ ነው።

ዋጋው ወረደ፣ ወረደና ቆመ። አያ አንማው ከዚህ በታች ንቅንቅ አልልም አሉ። ያኔ አማቴ ጥሩዬን ብድግ አድርገው አቀፏት።

«ክረምቱን ሙሉ ከሥሩ የምትተኛው ይቺ እናት የሌላት ልጅ እኮ ናት! በሷ ላይ ነው የምትጨክነው?»

አያ አንማው ሁለት እጃቸውን አነሡ። «ለሷ ከሆነማ አለቀ። ባሉት ይሁን።» መሰላል ሊያመጡ ወጡ።

አማቴ ጥሩዬን እንዳቀፉ ወደ ስንቁ ዞሩ።

«በሷ ስም ዋጋ አስቀንሼ ይዣት ብሄድ» አሉ፣ «ይሄ ሰውዬ የሞጣ ሰው አታላይ ነው እያለ ቢቸናን ያዳርሳል። እንግዲህ ትቀመጥ።» ስንቁን ፈቱና ምሳ በላን።

ታዲያ ዋጋው ትክክለኛ ነበር? እኔ እንጃ። አያ አንማው ከስሬአለሁ ይላሉ። አማቴ ተዘርፈናል ይላሉ። ሁለቱንም ከዚያን ዕለት የበለጠ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም። እኔ ደግሞ በመጀመሪያው ዋጋም ቢሆን አልቆጭም ነበር።

ጀንበር ስትጠልቅ ጥሩዬ ካላዘልኸኝ አልተኛም ብላ አለቀሰች። አማቴ እሺ እንዳትላት፣ ዛሬ እሺ ካልሃት ሁልጊዜ ነው፣ ትንሽ ተከራከራት አሉኝ።

አዘልኋት።