መምህረ ሥነ ዜጋ በተቆለፈው መጸዳጃ ደጅ የተሰለፉበት ዕለት

ንዌጥን በረድኤተ ጠመኔ። እነሆ በዘመነ ቁልፍ፣ ይኸውም ምክትል ርእሰ መምህሩ የድምፅ ማጉያውን በጨበጡ በሦስተኛው ዓመት፣ ሞዓ ጠመኔ፣ ሥዩመ ትምህርት ቢሮ፣ ዐቃቤ ምዕራፍ አራት የሆኑት የሥነ ዜጋው መምህር የፈጸሙትን ጀብዱ፣ ወሬው በመምህራን ማረፊያ ክፍል ተበላሽቶ ሳያልቅ፣ እንደ ሆነው አድርገን እንጽፋለን። ያላየ ይስማ፤ ያየም ዝም ይበል፣ ታሪክ ጸሐፊው ከእርሱ የበለጠ ያውቃልና።

እኚህ መምህር በክፍል ውስጥ "መብት" የሚለውን ቃል ሲናገሩ በመጨረሻው ወንበር የተኛው እንኳ ይባንን ነበር፤ ከክፍል ሲወጡ ግን ድምፃቸውን ከመጽሐፋቸው ጋር አጥፈው በብብታቸው ይይዙት ነበር። በየዓመቱ ምዕራፍ አራትን፣ ይኸውም ዜጋ አቤቱታውን እንዴት እንደሚያቀርብ የሚናገረውን ካስተማሩ በኋላ፣ ከዐሥር የሚታረም የቤት ሥራ ይሰጣሉ፤ የቤት ሥራውም በሌለ ወንዝ ላይ ድልድይ ይሠራ ዘንድ ለሌለ ከንቲባ ማመልከት ነበር። በዚህ ሥርዓት ስንትና ስንት ተማሪ ድልድዩን ለምኖ ዐሥር ከዐሥር አገኘ፤ ከንቲባው ማንንም አላስቀየመም፤ መምህሩም ከአለቃ ጋር ዓይንና ናጫ ሳይሆኑ በሰላም ኖሩ።

በዚያ ሰሞን ደግሞ የትምህርት ክፍል ኃላፊነት ክፍት ሆኖ ነበር። ኃላፊነቱ ከነወንበሩ ነው፤ ወንበሩም የክንድ መደገፊያ ያለው፣ ሲገፉት የሚሽከረከር፣ መምህሩ ሰው በሌለበት ተቀምጠውበት አንድ ዙር የዞሩበትና ከዚያ ወዲህ ልባቸው ያልተመለሰበት ወንበር ነበር። የወንበሩም ዕጣ በምክትል ርእሰ መምህሩ እጅ ነበር።

ወበውእቱ መዋዕል በግቢው ውስጥ ለሴቶች ሁለት መጸዳጃዎች ነበሩ፤ አንደኛው በር የሌለው፣ ሁለተኛው ከበሩ በቀር ምኑንም ሰው አይቶት የማያውቅ። የፊተኛውን መዝጊያ ነፋስ ገንጥሎ ጣለው፣ የሚያነሣውም ጠፋ። የኋለኛው ግን ነጭ ሸክላ ለብሶ፣ ውኃ ገብቶለት፣ መስተዋት ተሰቅሎለት ሳለ፣ ምክትል ርእሰ መምህሩ ለሚመጡ እንግዶች ነው ብለው ቆልፈውት፣ ቁልፉን ከቀበቷቸው ላይ አንጠልጥለው እያንቃጨሉ ይዞሩ ነበር። እንግዶቹም እስከ ዛሬ በመምጣት ላይ ናቸው።

ከመምህሩ ተማሪዎች አንዲቱ፣ እጇን ሳታወርድ ስለምትውል "ጥያቄ አለኝ" የሚል ስም የወጣላት፣ በምሳ ሰዓት ለሽንት ወደ ቤቷ ትሄድ ነበር። ቤቷ ሩቅ ነውና ስትመለስ የግቢው በር ተዘግቶ ይጠብቃታል፤ የከሰዓቱ ሂሳብ ያመልጣታል፤ የክፍሏ ኃላፊ የሆኑት እኚሁ መምህርም ስም ሲጠሩ ከወረቀቱ ቀና ሳይሉ "ቀሪ" ብለው ያልፏት ነበር። በመጨረሻም የግቢው ሕግ ደረሰባትና፣ አንድ ከሰዓት ብትደግም ለፈተና እንደማትቀመጥ ተነገራት። ልጅቱ ይህን ሰምታ አላለቀሰችም፤ መጽሐፏን ከፍታ ምዕራፍ አራትን እንደገና አነበበች።

ወእምዝ ወርኃ ድልድይ ደረሰ፣ መምህሩም እንደ ልማዳቸው ወንዙን በጥቁር ሰሌዳው ላይ ሣሉት። ያን ጊዜ "ጥያቄ አለኝ" ከወንበሯ ተነሥታ በጉባኤው ፊት እንዲህ ስትል አወጀች፦ "ቲቸር፣ ወንዝ እኮ የለም። ሽንት ቤት ግን አለ፤ ተቆልፏል። የቤት ሥራውን ስለሱ ብናደርገውስ?" ደወሉም ተደወለ። መምህሩ፣ አንድ እግራቸው ከክፍሉ ውጭ ሳለ፣ ለትውልድ የሚተርፈውን ቃል አወጁ፦ "እሺ፣ እንደተመቻችሁ። ብቻ በመጽሐፉ መሠረት ይሁን።" ለነጻነት ከተነገሩት ቃላት ሁሉ ይህን የሚያህል የለም፤ እርሳቸው ግን በዚያች ሰዓት ምሳቸውን እያሰቡ ነበር።

በማግስቱ በረፍት ሰዓት፣ መጽሐፉ በሰላም፣ በሥርዓትና የማንንም መንገድ ሳይዘጉ እንዳለው፣ ክፍሉ በተቆለፈው መጸዳጃ ደጅ ተሰለፈ። በግንባር "ጥያቄ አለኝ" ቆመች፤ ከእርሷ ቀጥሎ የፊት ወንበር ልጃገረዶች፣ ከእነርሱ ቀጥሎ ማስቲካ የሚያኝኩት፣ ከእነርሱ ቀጥሎ የቤት ሥራ የሚገለብጡት፣ ይህን ብቻ ግን መገልበጥ ስላልተቻላቸው በአካል የመጡት፤ በደጀንነትም የዘጠነኛ ክፍል ሠራዊት፣ ሰልፍ አይቶ ማለፍ የማይሆንለት፣ የሚታደለው ነገር እንዳያመልጠው ብሎ ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ የተደረደረ። የመግቢያው ደወል ተደወለ፣ ሰልፉ ግን ንቅንቅ አላለም።

ምክትል ርእሰ መምህሩም የድምፅ ማጉያቸውን አንግተው ወጡ፣ መሣሪያውም እንደ ወጉ ከእርሳቸው አስቀድሞ ጮኸ፣ ቀጥሎም ይህ አዋጅ ተነገረ፦ "ስሙ። ይሄ ሽንት ቤት የእንግዳ ነው። አሁኑኑ ወደ ክፍል።" ልጅቱም ያለ ማጉያ እንዲህ ስትል መለሰች፦ "እንግዳ ሲመጣ እናስቀድማለን። እስከዚያ ግን ተራችንን እንጠብቃለን።" ሁለተኛውም አዋጅ ከፊተኛው የከፋ ሆነ፦ "የክፍሉ ኃላፊ ይምጣና የጀመረችውን ይጠቁመኝ። ዛሬውኑ ትሰናበታለች።"

የክፍሉ ኃላፊ፣ ሞዓ ጠመኔ፣ በዚያን ጊዜ ከመምህራን ማረፊያው መጋረጃ ጀርባ የሻይ ብርጭቆ ይዘው የጦሩን ሁኔታ ከሩቅ ይመረምሩ ነበር። በማዕረጋቸው ሲጠሩ ሻዩ ትን አላቸው። ወጥተውም በሰልፉ ዳር ዳር ሄዱ፤ ወንበሩ በዓይናቸው ፊት ዞረ፤ አላውቅም ማለትን አሰቡ፣ መታመምንም አሰቡ። ልጅቱ ፊት በደረሱ ጊዜ ትለምነኛለች ብለው ጠበቁ፣ እርሷ ግን መሬት መሬት ታይ ነበር፣ እንደ ለመዱት "ቀሪ" እንዲሏት እንደምትጠብቅ። እርሳቸውም ስሟን በጠሩባቸው በእነዚያ ሁሉ ከሰዓቶች አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብለው ወንበሯን እንዳላዩ ትዝ አላቸው፣ በጣምም አፈሩ።

ከዚህ በኋላ ያ በክፍል ውስጥ የተኛ የሚቀሰቅሰው ድምፅ ቀጥኖ ይህን አወጀ፦ "የቤት ሥራ ነው። ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ከዐሥር ይታረማል።" ይህን ብለው ወዴት እንደሚሄዱ ስለጠፋቸው፣ ወደ ሰልፉ መጨረሻ ሄደው ከዘጠነኛ ክፍል ኋላ ቆሙ።

ምክትል ርእሰ መምህሩ "መምህራን ወደ ክፍል ይግቡ" ብለው ሦስተኛውን ሊያውጁ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ የሂሳብ መምህርቷ፣ ምክትሉ ራሳቸው ባዩዋት ቁጥር አምረው ለመታየት የኮታቸውን ቁልፍ የሚቆልፉላት፣ ማስመሪያዋን ይዛ ከክፍሏ ወጣች። አዋጇም አጭር ነበር፦ "እኔም ከጠዋት ጀምሬ ይዤ ነው የማስተምረው። ይከፈት።" ሄዳም ከሥነ ዜጋው መምህር ኋላ ተሰለፈች፤ ምክትሉም ማጉያውን አውርደው የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ።

ወእምዝ ቁልፉ ከቀበቶ ወረደ። ጓጉንቸሩ እንግዳ ሲጠብቅ ዝጎ ኖሮ እንቢ አለ፤ በዘይት ተለመነ፤ ምክትል ርእሰ መምህሩ በገዛ እጃቸው ታግለው፣ በላብ ተጠምቀው ከፈቱት። ሳሙናው ከነወረቀቱ ነበር። "ጥያቄ አለኝ" ገባች፤ ለድል አድራጊ ነገሥታት መድፍ ይተኮሳል፣ ለእኚህ መምህር ግን ከውስጥ ውኃ ሲለቀቅ ተሰማ። ሰልፉ እየተንቀሳቀሰ ሲመጣ መጸዳጃው የሴቶች መሆኑ ዘግይቶ የታወሳቸው ወንዶች ብዙ ነበሩ፤ ጀግናችንም ተራቸው ሲደርስ በታላቅ ጨዋነት ለሂሳብ መምህርቷ ለቀቁ።

በማግስቱ ምክትል ርእሰ መምህሩ መጸዳጃውን በራሳቸው ተነሣሽነት እንዳስከፈቱ በማጉያ አስነገሩ። ወንበሩ ለጂኦግራፊው መምህር ተሰጠ፤ እርሱም እስከ ዛሬ ይዞርበታል። የዘጠነኛ ክፍል ሠራዊትም ምንም እንዳልታደለ አይቶ እያጉረመረመ ተበተነ።

እንግዲህ ሥዩመ ትምህርት ቢሮን፣ ዐቃቤ ምዕራፍ አራትን፣ ድልድይ ያልሠሩትን፣ ወንዝ ያልተሻገሩትን፣ የሚሽከረከር ወንበር ያልወረሱትን፣ በሴቶች መጸዳጃ ሰልፍ መጨረሻ ላይ ግን የቆሙትን ታላቁን መምህር ማን እንደሚገባቸው ያወድሳቸዋል? ሌሎች አገር በማቅናት ተመሰገኑ። እኚህ ግን በዚያው በሰልፉ ዕለት ከሰዓት ስም ሲጠሩ ቀና ብለው አዩ፣ ልጅቱም በቦታዋ ነበረች።