የሰዓዳ ኮሚክ እና የእኔ ምክር

ሰውን ለማወቅ ከሥራ ሲወጣ የሚያደርገውን ማየት ይበቃል። የማን አባባል ነው አትበሉኝ፤ የራሴ ነው። አንዱ በቀጥታ ኳስ ወደሚያይበት ይሮጣል፤ አንዱ ጫቱን ይዞ ይሰየማል፤ አንዱ ደግሞ ቤቱ ገብቶ ሚስቱ ላይ ይነጫነጫል። እኔ ጫማዬን አወልቃለሁ። እግሬን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ እነክራለሁ። ከዚያ ዝንጅብል ያለበት ሻይ ይመጣልኛል። ልብ በሉ፣ ሻይ ነው ያልኩት። ጅማ ተቀምጦ ሻይ የሚጠጣ ሰው ጤንነቱ ያጠራጥራል፤ ጎረቤቶቼም ይጠራጠራሉ። ምን ላድርግ? ሥራዬ ቡና መቅመስ ነው።

ቡና ቀማሽ ነኝ ስል የማይቀናብኝ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። “ቁጭ ብሎ ቡና እየጠጡ ደመወዝ!” ይላሉ። ማን ጠጣና! በማንኪያ ትጨልፋላችሁ፣ ጎረቤት እስኪሰማ ትምጋላችሁ፣ ከዚያ ትተፉታላችሁ። ቀጥሎ ሌላ ኩባያ አለ። ቡና በሚለቀምበት ወራት ከየወረዳው ናሙና ሲጎርፍ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ስምግና ስተፋ ነው የምውለው። እንዲህ ውሎ ማታ ቤቱ ቡና የሚያምረው ሰው ካለ አሳዩኝና እጅ ልንሳው።

አሁን ደግሞ አንድ ምስጢር ልንገራችሁ። አምና ጉንፋን ያዘኝ። ሲለቀኝ አፍንጫዬን ይዞት ሄደ። ዛሬ ይመለሳል፣ ነገ ይመለሳል ብዬ ጠበቅኩ። በጭራሽ! የሻገተውም ንጹሑም ቡና ለእኔ አንድ ዓይነት ትኩስ ውሃ ሆኑ። ቀማሽ አፍንጫው ከሞተ ምን ይቀረዋል? ማንኪያው ብቻ።

ይህን ጉዴን የምታውቅ አንዲት ሰው ነበረች፤ ሰዓዳ። ሰዓዳ የሸቤ ልጅ ናት፤ ከእኛ ጋር ኩባያ ላይ ቁጥር ትለጥፋለች፣ ውሃ ታፈላለች፣ ውጤት ትመዘግባለች። ምላሷ ግን ከእኛ ከሁላችን ይበልጣል። መጀመሪያ እሷ ቀምሳ ታልፋለች፤ ከዚያ የተበላሸው ኩባያ አጠገብ ያለውን ማንኪያ ማንም ሳያይ ገልብጣ ታስቀምጠዋለች። እኔ እደርሳለሁ። ምግ አደርጋለሁ። ግንባሬን እቋጥራለሁ። “ይሄ ሻግቷል” እላለሁ። አለቃችን በአድናቆት ራሱን ይነቀንቃል። እንዲህ ሆነን አንድ ዓመት ከረምን። ዝም አይነቅዝም አይደል የሚባለው?

ታዲያ አንድ ሐሙስ፣ ሥራ በዝቶ ወገቤ ሊቆረጥ በደረሰበት ቀን፣ ስወጣ ሰዓዳ በር ላይ ጠበቀችኝና በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አስያዘችኝ። “ጋሼ፣ ማሎ፣ አረፍ ሲሉ ያንብቡልኝ። እኔ ነኝ የሠራሁት። ልጅቷ ያደረገችው ልክ ነው አይደለም? እሱን ብቻ ነገ ይንገሩኝ” አለችኝ። ማሎ በኦሮምኛ እባክህ እንደ ማለት ነው፤ ሰዓዳ ማሎ ካለች ነገሩ የምር ነው።

እንደምትስል አውቅ ነበር። አንድ ቀን የናሙና ከረጢት ላይ ጉንጩ የተነፋ ሽማግሌ ቡና ሲምግ ስላ አይቻለሁ። ማን ነው ብዬ አልጠየቅኩም።

እቤቴ ገባሁ። ጫማ ወለቀ። እግር ተነከረ። ሻይ መጣ። ፌስታሉን ብፈታው በሥዕል የሚተረክ መጽሐፍ ነው፤ ልጆቹ ኮሚክ የሚሉት። በቾ ቦሬ ሰፈር ያለው የከድር ፎቶ ኮፒ ቤት የታተመ፣ አረንጓዴ ወፍራም ሽፋን ያለው፣ በስቴፕለር የተሰፋ። ሽፋኑ ላይ “መንገደኛዋ” ይላል። ገለበጥኩት፤ በዚያም በኩል “መንገደኛዋ” ይላል። ደስ አለኝ፤ በሁለቱም በኩል ስም ያለው መጽሐፍ አይቼ አላውቅም። ውስጡ የገጽ ቁጥር የለውም፤ ንግግርም የለውም። በየገጹ አንድ አንድ ትልቅ ሥዕል ብቻ!

ቀኑን ሙሉ ቁጥርና ቅጽ ሲያይ ለዋለ ዓይን ይህ እንዴት ያለ ዕረፍት መሰላችሁ! ገለጥኩ። አንዲት ልጅ ጠባብ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣ ትስላለች። ገለጥኩ። ትልቅ ከተማ፣ የሰው መዓት፣ ልጅቷ መሃሉ ላይ ጠፍታለች። አንጀቴን በላችው። ገለጥኩ። አውቶቡስ በጅማና በአዲስ አበባ መሃል ያለችው ሰኮሩ ቆሟል፤ ልጅቷ በመስኮት ትመለከታለች። ጎሽ፣ ወደ አገሯ እየመጣች ነው አልኩ። ቀጥሎ እናቷ በር ላይ ቆማ ታለቅሳለች። የደስታ ለቅሶ! ቀጥሎ ልጅቷ ልብሷን ከሻንጣ ታወጣለች። በመጨረሻም ነጭ ጋወን ለብሳ፣ በኩባያ የተሞላ ጠረጴዛ ፊት ወንበሯ ላይ ቁጭ! ክፍሉ የእኛ ክፍል ነው። ዳር ላይ ጉንጩ የተነፋው ሽማግሌም አለ።

ደስታዬ ወሰን አጣ። ልጅቷ ሄዳ፣ ዓለምን አይታ፣ ቦታዬ እዚህ ነው ብላ ተመለሰች። ገባኝ! ሰዓዳ ልሂድ ወይስ ልቅር እያለች ነበር፤ በሥዕል አስባ ልቅር አለች። እንዴት ያለች ብልህ ልጅ ናት! አፍንጫዬም ተረፈ አልኩ በሆዴ፤ ልዋሻችሁ አልፈልግም።

በማግስቱ ገና ከበር ሳልገባ፣ “ልክ ናት! መቶ በመቶ ልክ ናት! አንቺም እንደሷ አድርጊ። ማንንም እንዳትሰሚ!” አልኳት።

ሰዓዳ ዓይኗ እንባ ሞላ። “ወላሂ፣ ጋሼ? የምርዎን ነው?”

“የምሬን ነው! እኔ አንቺን ብሆን ለመወሰን አንድ ቀን አላድርም ነበር።”

“ገለቶማ” አለች ደረቷ ላይ እጇን አድርጋ። ምስጋናው በዛብኝ፤ ለመቅረት ይህን ያህል ይመሰገናል?

በሳምንቱ ማክሰኞ አለቃችን አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ የሥራ መልቀቂያ አለ፤ የሰዓዳ። አዲስ አበባ ሥዕል ልትሠራ ነው። “አንተ መክረኸኝ ነው አለች” አለኝ። እኔ? እኔ ቅሪ ያልኳት? ማንኪያ ሲገለበጥ ብቻ መናገር የለመደ ሰው ምን ይላል! ግራ እንደተጋባሁ ወጣሁ፣ ግራ እንደተጋባሁ እቤቴ ደረስኩ።

ባለቤቴ ዘነበች ሶፋው ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። እጇ ላይ “መንገደኛዋ” አለ።

“ምነው?” አልኳት።

“እናትየዋ አሳዘነችኝ። ልጇ ጥላት ስትሄድ!”

“ማን ሄደ? መመለሷ ነው እንጂ። እናትየዋ ያለቀሰችው ከደስታ ነው።”

“ኧረ ምን ነካህ? ጋወኗን አውልቃ፣ ሻንጣዋን ሸክፋ፣ ሰኮሩን አልፋ፣ አዲስ አበባ ገብታ ብቻዋን ኩርምት ብላ የቀረችውን ነው ተመለሰች የምትለኝ?”

“አንድ መጽሐፍ ነው ያነበብነው?” አልኩ። የምሬን ነው የጠየቅኳት። ሠላሳ ዓመት አብረን ስንኖር አንድ ነገር አይተን ሁለት ነገር ስንል ይህ የመጀመሪያችን አይደለም፤ ነገር ግን መጽሐፍ ላይ ደርሰን አናውቅም።

“ከየት ነው የጀመርከው?” አለች።

“ከመጀመሪያው ነዋ!”

“የቱ ነው መጀመሪያው?”

ሽፋኑን አየሁ። ገለበጥኩት። ደግሞ ገለበጥኩት። ሰኮሩ ላይ የቆመ አውቶቡስ ወደ ጅማ ይምጣ ወደ አዲስ አበባ ይሂድ፣ በምን ይታወቃል?

በነጋታው ከድር ዘንድ ሄድኩ። ከድር ለቁርአን ትምህርት ቤት ልጆች መማሪያ ሲያባዛና ሲሰፋ የኖረ ሰው ነው። እነዚያ መጻሕፍት ደግሞ ከቀኝ ነው የሚከፈቱት። እጁ እንደለመደው የሰዓዳንም በቀኝ ሰፍቶታል። “ታዲያ መጽሐፍ በየት በኩል ሊከፈት ኖሯል፣ ጋሼ?” አለኝ ተገርሞ። “ስሙንስ በሁለት በኩል የጻፍከው ለምንድን ነው?” አልኩት። “ጀርባው ባዶ ሲሆን አላስቻለኝም። ለሷ ስጦታ ነው” አለኝ። ሰውን በስጦታው ትቆጡታላችሁ?

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይላሉ። እኔ ነገርን ከጫፉ አንብቤ የሰው ልጅ ላሳስት ነው! ብናገር ትቀራለች፤ አፍንጫዬም ይተርፋል። ዝም ብል በሐሰት ምክር ትሄዳለች። መናገሩ ለእኔ ስለሚጠቅም ደግሞ መናገሩን ተጠራጠርኩት። ለራስ የሚጠቅም እውነት መናገር እንዲህ እንደሚያሳፍር አላውቅም ነበር። ሦስት ቀን ለራሴ ይዤው ሰነበትኩ።

ጠረጴዛዋን በምታጸዳበት ቀን ግን አልቻልኩም። ጠጋ ብዬ ነገርኳት። ገልብጬ እንዳነበብኩት፣ የመከርኳትም እንድትቀር እንጂ እንድትሄድ እንዳልሆነ፣ ሁሉንም ዘርግፌ ጨረስኩ። ትደነግጣለች ብዬ ወንበር ሳብኩላት።

ሰዓዳ ሳቀች። ሳቀችና ወንበሩ ላይ እኔው ተቀመጥኩ።

“ጋሼ፣ እኔም ስከፍተው የመጀመሪያው ገጽ መጣልኝ፤ ቁርአን ቤት ያደግኩ ልጅ ምን ብዬ ላስተውል? ሸቤም ወስጄ ነበር። አባቴ፣ እናቴ፣ ወንድሜ፣ አክስቴ አንብበውታል። እነሱም እንደኔ ከቀኝ ጀምረው አንዲት ገጽ ሳይስቱ በልኩ አነበቡት።”

“ምን አሉሽ?”

“እንዳትሄጂ አሉኝ። ሁሉም። ሂጂ ያለኝ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት።”

በልኩ ያነበቡት ሁሉ ከለከሏት፤ ገልብጦ ያነበበው አንድ ሽማግሌ ፈቀደላት። እስቲ ፍረዱ! ማንበብ ያለበት ማን ነው፣ መምከር ያለበትስ?

ከዚያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ “አሁን ግን በልኩ ያውቁታል። ልሂድ ወይስ ልቅር? እውነትዎን ይንገሩኝ” አለችኝ።

እውነቴን! እውነቴ ቅሪ ነው። ቅሪ ብላት እንደምትቀርም ፊቷ ላይ አየሁ። ጠረጴዛውን አየሁ፣ ማንኪያዎቹን አየሁ። በጣም እንደምወዳት ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ እንደ ልጄ ነው የምወዳት።

“የእኔ አነባበብ ይሻላል” አልኳት፤ “ልጅቷ ትመለሳለች። ግን ሳይሄዱ መመለስ ስለሌለ፣ መጀመሪያ ሂጂ።”

ይህን ያልኩት ከብልህነት እንዳይመስላችሁ፤ ሌላ የምለው ጠፍቶኝ ነው። እሷ ግን ማስታወሻ ደብተሯን አውጥታ ጻፈችው።

ሄደች። በማግስቱ አለቃዬ ዘንድ ገብቼ የአፍንጫዬን ነገር ተናዘዝኩ። ተቆጣ፤ ቆይቶ አዘነልኝ፤ ከቅምሻም አነሳኝ። አሁን ነጭ ጋወን ለብሼ፣ በሰዓዳ ወንበር ተቀምጬ፣ ኩባያ ላይ ቁጥር የምለጥፈው እኔ ነኝ። በእሷ መጽሐፍ ከዚህ ወንበር ቀጥሎ ያለው ገጽ ሻንጣ መሸከፍ ነው። በእኔ አነባበብ ግን ይሄ የመጨረሻው ገጽ ነው። ዘነበችን የትኛው ነው ልክ ብላት፣ “መጀመሪያ መጽሐፉን ከየት እንደምትጀምር ወስን” አለችኝ።