ውሻችን ስም ሲያወጣልኝ

ትናንት ማታ በሕልሜ ውሻችን ስም ሲያወጣልኝ አየሁ።

ነገሩ እንዲገባችሁ መጀመሪያ የውሻውን ስም ልንገራችሁ። ይሻላል ይባላል። ያወጣችለት ባለቤቴ ትርንጎ ናት። በኛ አገር የውሻ ስም የሚወጣው ለጎረቤት ጆሮ ነው፤ ሰው ፊት ለፊት መናገር የከበደውን ነገር በውሻው ስም ያስተላልፋል። «ታዘብኩ» የሚባል ውሻ ያለበት ግቢ ዙሪያ አንድ የታዘቡት ሰው አይጠፋም። ይሄን ስለማውቅ ገና ስሙ እንደወጣ «ከማን ነው የሚሻለው?» ብዬ ጠየቅኋት። ሳቀችና «ስም እኮ ነው፤ አንተ ደግሞ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ከአራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ሆና «ይሻላል፣ ና» ባለች ቁጥር ሰፈርተኛው በሙሉ ዞር ብሎ እኔን የሚያይ ይመስለኛል።

ውሻው ደግሞ እንደ ስሙ ሆነ። ትርንጎ ሥራ አስተማረችው። ነጠላ ጫማዋን ያቀብላታል። ነፋስ ከገመድ ላይ የጣለውን ልብስ ከታች በአፉ ይዞ ይወጣል። ዘንቢል አንገቱ ላይ ስታንጠለጥልለት ሱቅ ወርዶ ዳቦ ይዞ ይመጣል። ኮንዶሚኒየማችን ውስጥ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ እሱ ቧንቧው ውስጥ አየሩ ሲያፏጭ ከማንም ቀድሞ ይሰማና ይጮኻል። «ጎበዝ፣ የኔ ጌታ» ትለዋለች፣ አንገቱን እያሻሸች። እኔ በሁለት እጄ ጀሪካን ይዤ ያን ሁሉ ደረጃ ስወጣ ጎበዝ ያለኝ የለም። ቀናሁ። በሰው ብቀና ለጓደኛ አወራዋለሁ፤ በውሻ ቀናሁ ብዬ ለማን ልናገር?

እንግዲህ በሕልሜ ጠዋት ነበር፤ እኔም የግቢው በር ላይ ታስሬ ነበር። ውሾቹ ከየብሎኩ ወጥተው «እንዴት አደሩ» እየተባባሉ ወደ ሥራ ይሄዱ ነበር። የውሃው ቦኖ አጠገብ ጀሪካኖች ተሰልፈው ሰው ይቀዱ ነበር። አንዷ ቢጫ ጀሪካን የሦስተኛ ፎቁን ጎረቤታችንን አቶ ዘርጋውን እስከ አንገቷ ሞላችና ክዳኗን ገጥማ ደረጃውን እያለከለከች ወጣች። ይሄ ሁሉ ምንም አልገረመኝም። የቆጨኝ ወረፋው እኔ ጋ አለመድረሱ ነበር።

ወዲያው አንድ ሌባ ጆንያ ተሸክሞ መጣ።

«ቤታችሁ ምን ጎደለ?» አለኝ።

«የጋዝ ምድጃ» አልኩት።

ከጆንያው ምድጃ አወጣና በሩ ሥር አስቀመጠ። ሊሄድ ሲል ጠባቂነቴ ትዝ አለኝና ጮህኩበት። ይሻላል ከፎቅ ወረደ። ኮት ለብሶ ነበር፤ ያውም ለሠርጌ ያሰፋሁትን ኮት።

«ዝም በል፤ እንግዳ ነው» አለኝ። ሌባውን ይቅርታ ጠይቆ እስከ አስፋልቱ ሸኘው።

«ኮቱ የኔ ነው» አልኩት ሲመለስ።

«እኔም ብያለሁ፤ ብብቱ ጋ ጠቦኛል» አለና ገመዴን ፈታ።

የወሰደኝ ዕድር ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ውሾች አግዳሚ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ ይሻላል የዕድሩ ዳኛ ኖሯል። ትርንጎ አጠገቡ ቆማ ነበር። ወንበሩን በነጠላዋ ጫፍ ጠራረገችለትና «ጋሼ ይሻላል፣ አረፍ ይበሉ እንጂ፤ ሲጠብቁን አድረው» አለችው። አንቱ ትለዋለች። እኔን በሠርጋችን ቀን እንኳ አንቱ አላለችኝም።

ጉዳዩ የኔ ነበር። ይሄ ሰው ለቤት ይሆናል ወይስ አይሆንም ነው ነገሩ። ከሠለጠነ ከትርንጎ ጋር ይቆያል፤ ካልሠለጠነ መኪና ላይ ተጭኖ፣ መንገዱን እንዳያውቀው ወንዝ አሻግረው ይጥሉታል። ትርንጎን ተለይቼ የትም አድሬ የማላውቅ ሰው ነኝ።

«ስም አለው?» አለ አንድ አሮጌ ውሻ።

«የሚጠራበት የለውም» አለ ይሻላል። «ስም የሌለው ደግሞ አይሠለጥንም። መልእክት ያለው ስም እናውጣለት።»

«ለማን የሚሄድ መልእክት?» አልኩ።

«ለጎረቤት ነዋ። አንተ ደግሞ።»

አንዱ «ይሁና» ይባል አለ። አሮጌው «ምን ይደረግ» የሚለውን ደገፈ። ይሻላል ሁለቱንም በትዕግሥት ሰማና ወደ ትርንጎ ዞረ። «ወይዘሮ ትርንጎ፣ አብረሽው የኖርሽ አንቺ ነሽ። እስቲ ተናገሪ።»

ትርንጎ ብዙ አየችኝ። በተጋባን ሰሞን «ሆዴ» ትለኝ ነበር። አሁን ያንን ስም ትናገራለች፣ በዚህ ሁሉ ውሻ ፊት ሆዴ ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ።

«ቻልኩት» አለች።

ውሾቹ በሙሉ አግዳሚውን በጅራታቸው እየመቱ አጨበጨቡ። ይሄን ስም ከአራተኛ ፎቅ ስትጣራው ታየኝ። ሰፈሩ ደግሞ ያን ሁሉ ዓመት ምን እንደቻለች ያለ አስተርጓሚ ይገባዋል። የሚያሳፍረኝ ግን እሱ አይደለም። እዚያው «ቻልኩት፣ ና» ብላ ስትጠራኝ ተነስቼ ሄድኩ።

ድንኳኑ ሳሎናችን ሆነ። አቶ ዘርጋው ከጀሪካኗ ወጥቶ ጥግ ላይ ተንበርክኮ አንሶላ በጥርሱ ያጥፍ ነበር። ጠርዝ ለጠርዝ እያገናኘ፣ አንድም ሳይጨማድድ።

«እየው እሱን» አለችኝ ትርንጎ። «አንዴ ነው የተነገረው።»

«ሚስቱ ናት ያሠለጠነችው?»

«የለም፣ ዶሮዋ ናት።»

በአቶ ዘርጋውም ቀናሁ። አንሶላ ማጠፍ እኔም እችል ነበር፤ እስካሁን የጠየቀኝ አልነበረም እንጂ። ልነግራት ስል ይሻላል ማንቁርቴን ይዞ ወደ መታጠቢያ ቤት ወሰደኝ።

«ጆሮህን ቧንቧው ላይ አድርግ» አለኝ። «ውሃው ሲመጣ ትጮኻለህ። ሌላ ሥራ የለህም።»

አደረግሁ። ይሻላል ወደ ኩሽና ሄደ። ቧንቧው ውስጥ መጀመሪያ ዝምታ ነበር። ቀጥሎ የትርንጎ ድምፅ መጣ። ለይሻላል የሆነ ነገር ታጫውተዋለች፤ ምን እንደሆነ አይለይም። ከዚያ ሳቀች። ያ ሳቅ የድሮው ነበር፤ አፏን በእጇ መሸፈን የምትረሳበት። ከሰማሁት ስንት ጊዜዬ ነው። እኔ ሳጫውታት «እህ» ነው የምትለኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ጆሮዬን ይበልጥ ለጠፍኩ፤ ደስም አለኝ፣ ሆዴም ባባ። ለካ ውሃው መጥቷል። ገንዳውን ሞልቶ ፈሰሰ፣ ጉልበቴ ደረሰ፣ ፍሪጁን አንሳፍፎ ኮሪደር ላይ ይዞት ዞረ። እኔ አልጮህኩም።

ይሻላል የሱሪውን ጫፍ ሰብስቦ መጣ። «አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ።»

«ምኑን?»

«ስትስቅ።»

ራሱን ነቀነቀ። «ትርንጎ፣ ይሄ ሰው የሚሰማው ያልታዘዘውን ነው» አላት።

«አንድ ዕድል ይስጡልኝ» አለች እሷ፤ እኔም ለዚያች ቃል ዕድሜ ልኬን ልገዛላት ቆረጥኩ።

የመጨረሻው ፈተና ምሳ ላይ ሆነ። ጠረጴዛው ውሃው ላይ ቀስ እያለ ይዞር ነበር። ትሪው ላይ ዶሮ ወጥ አለ፤ ከመሃሉ የአባወራ የሚባለው ብልት፣ ፈረሰኛው፣ ቁጭ ብሏል። እኔና ይሻላል ጎን ለጎን ተቀመጥን። ትርንጎ ፈረሰኛውን ፈልፍላ ትልቅ ጉርሻ ጠቀለለች።

«ቆይ» አለችኝ።

ቆየሁ። ምራቄን እንኳ አልዋጥኩም። እጇ በአፍንጫዬ ሥር አለፈና ወደ ይሻላል ሄደ።

«ይጉረሱልኝ፣ በሞቴ» አለችው።

በሞቴ አለችው። እሱ ደግሞ ብድግ ብሎ መጉረስ ሲገባው ተግደረደረ። «ኧረ በቃኝ፣ አሁን እኮ ነው የበላሁት» እያለ እግሩን ደረቱ ላይ አደረገ። ሌላ ቀን የወደቀ አጥንት ሳያኝክ የሚውጥ ፍጡር ነው። «እምቢ ካሉኝ እቀየማለሁ» አለች። ሁለት ሦስቴ አስለምኖ ጎረሰ።

ሁለተኛ ጠቀለለች። ይሄ የኔ ነው አልኩ። ወጥ ከጣቷ ሲንጠባጠብ እያየሁ አፌን በትንሹ ከፈትኩ። ብዙ ከከፈትኩ ያልሠለጠነ እንዳልባል ፈራሁ።

«አንድ ያጣላል» አለችና ለሱው ደገመችው።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን አልክድም። ነከስኩት። ጆሮውን ከሥሩ ይዤ፣ የሠርጌ ኮት እስኪቀደድ ነቀነቅሁት።

«ክላ» አለችኝ ትርንጎ።

ይሻላል አልጮኸም። ያኘከውን ረጋ ብሎ ዋጠና በመሀረብ ጆሮውን ያዘ። «ይሄ ሰውዬ ክትባት ወስዷል?» ብሎ ጠየቃት።

«ዛሬ ነገ ስል» አለች፣ አንገቷን ደፍታ።

«በይ ገመዱን አምጪልኝ።»

ከታች የመኪና ጥሩንባ ተሰማ። አቶ ዘርጋው አንሶላውን ጣል አድርጎ በእግሩ በሩን ከፈተ። ትርንጎ ገመዱን ይዛ ወደ እኔ መጣች፤ ፊቷን ለማየት ብሞክር ጀርባዋን ሰጠችኝ። «ትርንጎ፣ መንገዱን አላውቀውም» ልላት ስል ድምፅ እምቢ አለኝና ነቃሁ።

ነግቷል። የብርድ ልብሱ ጫፍ አፌ ውስጥ ነበር። ትርንጎ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ፀጉሯን ታበጥር ነበር። ሕልሙ ገና አልለቀቀኝም ነበርና ሳላስብ ጠየቅኋት።

«ትርንጎ፣ አንድ ቀን እኔም ውሻውም ብንጠፋብሽ፣ መጀመሪያ ማንን ትፈልጊያለሽ?»

«ውሻውን ነዋ።»

«ለምን?»

ማበጠሪያውን ፀጉሯ ውስጥ እንደሰካች ዞር ብላ አየችኝ፤ ጥያቄው ከልቧ ገርሟት ነበር።

«አንተ የት ትሄዳለህ?» አለችኝ።